ንጉሡን የገደለችው ባቄላ

ዛሬ ከፍቶኛል። ምክንያቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ደብረ ብርሃን ደግሞ በኅዳር ለከፋው ሰው አታዝንም። ነፋሱ በበሩ ሥር ይገባል፣ መብራት ከሰዓት በኋላ እንደሄደ ነው፣ ጋቢዬ ላይ የመንዝ ባና ደርቤ ሻማ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። ስለዚያ ነገር ልጽፍ ብዬ ደብተሩን ሳወጣ፣ ከሰንጠረዥ፣ ከድሮው ቼዛችን፣ ተነሥቼ የምሠራው ጨዋታ ሕግ ያለበት ገጽ ተገለጠ። በቃ፣ ሄድኩ።

አዎ፣ አልተውኩትም። ብስኩት የመጣበት ካርቶን ላይ 64 ቤት አስምሬ፣ በቆርኪ የሚጫወቱት የሸዋ ሰንጠረዥ።

በድሮው የእኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይባላል። የእህቴ ልጅ ከሕጉ ሁሉ የሚወደው ይህንን ነው። እጁ ከዓይኔ ይፈጥናል። እኔ አንድ ፈረስ ሳስብ እሱ ጦሩን ጨርሶ አሰልፏል፣ ሁለት ቆርኪ ደግሞ አልጋ ሥር ገብቷል።

መከራ ያበላኝ የመረጥኩት ዘመን ነው። 1848 ዓ.ም.፣ ቴዎድሮስ ሸዋን የያዙበት። በሰንጠረዥ ንጉሡ መውጫ ካጣ ጨዋታው አለቀ። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ግን ማንም ሳይማርካቸው ታመው ሞቱ፤ ሸዋም ጦርነቱን አላቆመም። ሸዋዎች የንጉሡን ልጅ፣ የ11 ዓመቱን ምኒልክን፣ ይዘው በረኸት ላይ ተዋጉ፣ ተሸነፉ፣ ልጁ ተማርኮ መቅደላ ወረደ... ወጣ ልበል እንጂ፣ አምባ ነው። በ1857 አምልጦ መጥቶ ሸዋን መልሶ ያዘ። እና ይሄ ጨዋታ የሚያልቀው የቱ ጋ ነው?

ለበሽታው ባቄላና አንዲት አተር አመጣሁ። ሸዋን የያዘ ሰው ተራው በደረሰ ቁጥር ከኮፍያ ውስጥ ሳያይ አንድ ያወጣል፤ አተሯ ከወጣች ንጉሡ ሞተ። የእህቴ ልጅ በሁለተኛው ቀን ነቃብኝ፤ አተር ድቡልቡል ነው፣ በጣት ይታወቃል። ስለዚህ ሁሉንም ባቄላ አድርጌ አንዷን ቆላኋት። አልጋ ወራሹን ደግሞ ከወታደሮቹ መሀል ደበቅኩት፣ አንዱን ቆርኪ ውስጡን በከሰል ቀብቼ። ካልተበላ አይገለበጥም፤ የትኛው እንደሆነ ባለቤቱ ብቻ ያውቃል። እዚህ ድረስ በራሴ ኮርቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ከዚያ ወርቂት መጣች። የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት። ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ በእሷ አገር ነው ያለፈው፣ የእሷ ልጅ ደግሞ ቴዎድሮስ እጅ ነበር። ስደተኛውን ብታስረክብ ልጇን ልታስለቅቅ ትችል ነበር። ምኒልክ አለፈ፣ ልጇ ተገደለ። እኔም ሦስተኛ ተጫዋች አደረግኳትና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ካሳለፈች 5 ነጥብ።

እማዬ የበግ ፀጉር እየፈተለች ነበር። ስጽፍ ጮክ ብዬ የማነበው ነገር አለብኝ።

«ምንድነው አምስት?» አለች።

«ነጥብ ነው፣ እማዬ። እንድታሸንፍ።»

«ለልጇ?»

እንዝርቷን አዞረችና ዝም አለች። አምስቱን ሰርዤ አሥር አደረግኩት። አሥሩን ሳየው ከአምስቱ ባሰ። ዜሮም ብል ስድብ ነው፣ ምንም ካላገኘች ደግሞ ማን ወርቂትን ሆኖ ይጫወታል? ማንም ነጥብ ሳይሰጣት እሷ ግን ያንን ቦታ ተጫውታዋለች። ስንቴ እንደሰረዝኩት አልቆጠርኩም፣ ወረቀቱ ተቀደደ።

ተስፋ ቆርጬ «ና እስቲ እንሞክረው» አልኩት የእህቴን ልጅ፣ ያለ ወርቂት። ወረራው እንደ ልማዱ አለፈ። ሸዋን የያዘው እሱ ነውና ኮፍያው ውስጥ እጁን ሰደደ። ባቄላ። ባቄላ። ባቄላ። በስተመጨረሻ ኮፍያውን ገልብጬ አራገፍኩት፤ የተቆላችው የለችም።

«ጋሼ፣ ቆሎ መስላኝ ነው» አለኝ፣ ገና እያኘከ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ንጉሡ አይሞቱም፤ ቴዎድሮስም እኔው ነበርኩ፣ ተሸነፍኩ። የወርቂት ቦታ ተቀድዶ ቀርቷል። ደብተሩን ለምን እንዳወጣሁት ትዝ ያለኝ ሻማው ካለቀ በኋላ ነው።