ካፊያ በመጣ በአርባኛው ቀን

ነሐሴ 21፣ ማታ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድመቴ ሻሼ ከቁምሳጥኑ አናት ወርዳ፣ አዲሱ የድመት ግልገል ካፊያ በተኛበት ሶፋ በሌላኛው ጫፍ ላይ ጋደም አለች። በመካከላቸው የአንድ ክንድ ያህል ርቀት ነበር። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል፤ እኔ ግን ወንበሬ ተንቋቁቶ እንዳያባንናቸው ፈርቼ፣ የቀዘቀዘ ቡናዬን እንደያዝኩ ሩብ ሰዓት ያህል ሳልነቃነቅ ቆየሁ።

ሻሼ ስድስት ዓመቷ ነው። ያደገችው በዚህ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእማዬና ከእኔ ጋር ሲሆን፣ የሳሎኑን ሶፋ፣ የኔን አልጋና የመስኮቱን ደፍ ለዓመታት ማንም ሳይጋፋት ይዛ ኖራለች። ካፊያን ያገኘሁት ሐምሌ 12 ቀን ምሽት ከብሎካችን ሥር ባለው የፍሳሽ ቦይ አጠገብ ነው። ከባዱ ዝናብ አባርቶ ካፊያው ብቻ ቀርቶ ስለነበር ስሙን ከዚያ አገኘ። የሁለት ወር ገደማ ዕድሜ ያለው፣ ርሶ የሚንቀጠቀጥ፣ ከድምፁ በቀር ምንም የሌለው ፍጥረት ነበር።

ያን ምሽት የሠራሁትን ስሕተት እዚህ ላይ በግልጽ መጻፍ እፈልጋለሁ። ካፊያን በፎጣ አድርቄ በቀጥታ ሳሎን ወስጄ፣ ሻሼ በምትተኛበት ሶፋ ላይ፣ ከፊት ለፊቷ አስቀመጥኩት። ትንሽ በመሆኑ ታዝንለታለች፣ ምናልባትም እንደ እናት ትልሰዋለች ብዬ ነበር። ሻሼ ፀጉሯ ቆሞ፣ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተጣብቀው፣ እንደ እባብ እየተነፈሰች ተወረወረች፤ እጄን በመካከል ሳስገባም እስኪደማ ቧጨረችኝ። የውሃ ተራችን ስላልነበረ እማዬ ከጀሪካን እያፈሰሰችልኝ ቁስሉን በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጠብኩት። ሻሼ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን በየዓመቱ የምትወስድ መሆኗ አጽናናኝ፤ ያም ሆኖ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ታየሁ።

በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ሻሼ ቁምሳጥን ላይ ወጥታ ለመውረድ እምቢ አለች፤ ምግብም እምብዛም አልቀመሰች። በሦስተኛው ቀን አልጋዬ ላይ ሸናች። እማዬ «ቅናት ነው፣ ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» አለች፤ እኔም ያን ጊዜ አምኛት ነበር።

ሐሳቤን የለወጠው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ድመት ዘመዷንና ባዳዋን የምትለየው ከዓይኗ ይልቅ በአፍንጫዋ እንደሆነ፣ ጉንጯን በበር ጠርዝና በእግራችን ላይ የምታሻሸውም ከጉንጯና ከአገጯ ዕጢዎች የሚወጣውን የራሷን ጠረን ለመተው እንደሆነ ነገረኝ። ስለዚህ ሻሼ ያየችው አንድ ትንሽ ድመት ብቻ አልነበረም፤ ቤቷ በድንገት ቤቷ ቤቷ መሽተቱን አቁሞባት ነበር። አልጋዬ ላይ መሽናቷንም ሐኪሙ እንደ ቂም አላየውም፤ የጨነቃት ድመት የራሷን ሽታ ከምታምነው ሰው ሽታ ጋር ስትቀላቅል መሆኑን ሲያስረዳኝ፣ ለሦስት ቀናት ስቆጣት በመክረሜ አዘንኩ።

አያቴ ቤት፣ ጎጃም፣ ድመቶች አይጥ ከጎተራ ለመከላከል ይኖሩ ነበር፤ አዲስ ድመት ሲመጣም ማንም ሰው በመካከላቸው አይገባም ነበር። እነዚያ ድመቶች ግን የተጣላቸውን ጥለው የሚሄዱበት አጥር፣ ማሳና የጎረቤት ጣሪያ ነበራቸው። የቤት ድመት የዘር ግንዷ ብቻዋን ከምታድን የዱር ድመት ነውና፣ መራቅ ከሁሉ በፊት የምታውቀው መፍትሔ ነው። ሻሼ ግን ከዚህ ፎቅ ወዴት ትራቅ? መውጫውን ሁሉ የዘጋንባት እኛ ስለሆንን፣ «ተያቸው፣ ራሳቸው ይስማማሉ» የሚለው የአገር ቤት ምክር እዚህ እንደማይሠራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመርን። ካፊያ ከደጅ ያመጣው በሽታ ሊኖር ስለሚችል ለሁለት ሳምንት ከእማዬ ክፍል እንዳይወጣ ተደረገ። ስታጉረመርም የነበረችው እማዬ በሦስተኛው ሌሊት ከጋቢዋ ሥር አስገብታው አገኘኋት። አንድ አሮጌ ነጠላ ለሁለት ቀድጄ፣ አንዱን በካፊያ ጉንጭ፣ ሌላውን በሻሼ ጉንጭ እያሻሸሁ አለዋወጥኳቸው። ሻሼ የካፊያን ቁራጭ ስታሸት አፏን ከፈት አድርጋ ፊቷን ሰበሰበች፤ የተጸየፈችው መስሎኝ ነበር፣ ለካ ላንቃዋ ላይ ባለው ሌላ የማሽተቻ አካል እየመረመረችው ነው። በአምስተኛው ቀን በዚያው ጨርቅ ላይ ተኝታ አየኋት። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ አምጥቼም ለመጸዳጃቸው ሦስት ሳፋ አዘጋጀሁ፤ ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ የበለጠ መሆን አለበት ተብዬ ነበር።

ከዚያ የምግቡ ነገር መጣ። ሁለቱ በተዘጋው በር በወዲያና በወዲህ በተመሳሳይ ሰዓት እንዲበሉ፣ አንዱ የሌላውን ሽታ ከጥጋብ ጋር እንዲያያይዘው ማድረግ ነበረብኝ፤ ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ገባ። የሰፈራችን ሥጋ ቤት በጾም ይዘጋል፤ ድመት ግን በሽሮ አትኖርም፤ ከሥጋ የምታገኘው ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር ከጎደላት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። ራቅ ካለ የሙስሊም ሥጋ ቤት ሳንባ እየገዛሁ ቀቀልኩ፣ የቆርቆሮ ሰርዲንም ጨመርኩበት፤ እማዬም በጾም ወጥ ቤቷ ሥጋ ሥጋ መሽተቱን ለሁለቱ ስትል ታገሠች። መጀመሪያ የሻሼ ሳህን ከበሩ ሦስት እርምጃ ይርቅ ነበር፤ በየቀኑ በአንድ ጫማ ያህል እያስጠጋሁት በፍልሰታ ፍቺ በሩን ሊነካ ደረሰ።

የሽቦ መረብ በእንጨት አስወጥሬ በበሩ ላይ ባቆምኩበት ቀን፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ምሽት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ሻሼ አጉረመረመች፣ ግን አልሸሸችም። ካፊያ ሆዱን አሳይቶ ተንከባለለ። መረቡን ያነሳሁት ከአራት ቀን በኋላ ሲሆን፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ሲጠጋት በመዳፏ አናቱን መታችው፣ ጥፍሯን ግን አላወጣችም። አሁን ያ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁና ጣልቃ አልገባሁም።

ወዳጆች ሆነዋል ለማለት አልደፍርም፤ ላይሆኑም ይችላሉ። ሻሼ ከስድስት ዓመት በኋላ የቤቷን እኩሌታ ለማታውቀው ልጅ እንድትሰጥ የጠየቅኳት እኔ ነኝ፤ በእሷ ጊዜ ትመልስልኝ።

አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። የእማዬን በር ዛሬ ሌሊት ክፍት ልተወው ወይ ብዬ ብዙ አሰብኩ። የሶፋው ነገር ልቤን ሞልቶታልና ክፍት ልተወው በጣም ፈልጌ ነበር። ዘጋሁት። ሻሼ በበሩ ሥር ረጅም ጊዜ አሽትታ፣ ጉንጯን በጠርዙ ላይ አሻሽታ፣ መጥታ እግሬ ሥር ተኛች።