የሁለት ዓይን መነሻ፦ በግልገል ፅንስ ውስጥ ስለሚሠራ አንድ ፕሮቲን

በመንዝ ጉድለት ያለበት ግልገል ሲወለድ ነገሩን ከመዓት ጋር የሚያያይዝ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን በዚያው አገር በበግ መካከል አድጌ ባዮሎጂ የተማርሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ጥያቄው ወደ ፅንሱ የመጀመሪያ ሳምንታት እንዲመለስ አጥብቄ እሻለሁ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ በአሜሪካ፣ በአይዳሆ ግዛት፣ በግንባራቸው መካከል አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው ግልገሎች ይወለዱ ነበር። የግብርና ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲያጠኑት መነሻው በተራራው ግጦሽ የሚበቅል ቬራትረም የተባለ ተክል ሆኖ ተገኘ። ይህ መልክ የሚመጣው ግን እናቲቱ ተክሉን በእርግዝናዋ 14ኛ ቀን አካባቢ ስትበላው ነው፤ በግ አምስት ወር ያህል እንደምታረግዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ እጅግ ጠባብ ጊዜ ነው።

የዓይን መነሻ የሚሆኑት ህዋሳት በፅንሱ ራስ ላይ አንድ ወጥ መስክ ሆነው ይጀምራሉ። በመካከለኛው መስመር ሥር ያሉ ህዋሳት ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለውን ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ ፕሮቲኑም ወደ ጎረቤቶቹ ተሰራጭቶ በመካከል ያሉት ዓይን ከመሆን እንዲቆጠቡ ስለሚያዝ መስኩ ለሁለት ይከፈላል፣ የፊተኛው አንጎልም ቀኝና ግራ ሆኖ ይለያል። ሳይክሎፓሚን የተባለው የተክሉ መርዝ ይህን ፕሮቲን አያጠፋም፤ የሚያግደው መልእክቱን ወደ ህዋሱ ውስጥ የሚያሳልፈውን ስሙዝንድ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። በፈረንጆቹ 1996 የሶኒክ ሄጅሆግ ዘረመል በሌላቸው የአይጥ ፅንሶች ላይ ያው የአንድ ዓይን ጉድለት ታየ። በሰውም ይህ ዘረመል ሲጎዳ የፅንሱ አንጎል በሚገባ ሳይከፈል ሊቀር ይችላል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ትእዛዙ በመጠን የሚለያይ መሆኑ ነው። ኋላ ህብለ ሰረሰር በሚሆነው ቱቦ ውስጥ ለምንጩ ቀርበው ብዙ ፕሮቲን የደረሳቸው ህዋሳት አንድ ዓይነት ነርቭ ሲሆኑ፣ ራቅ ብለው ጥቂት የደረሳቸው ሌላ ዓይነት ይሆናሉ።

ጉድለት ሁሉ ከዚህ ይመጣል ማለቴ አይደለም፤ ቬራትረምም የመንዝ ተክል ነው አላልሁም። ሆኖም የአይዳሆ መፍትሔ መድኃኒት ሳይሆን የረገዙ በጎችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዚያ ግጦሽ ማራቅ ነበር፤ ለዚህም ቀን ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር ስለሚውል የትኛዋ በግ መቼ እንደ ፀነሰች ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በመንዝ በማኅበረሰብ ደረጃ በሚካሄደው የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ በሚያዘው መዝገብ ላይ ጉድለት ይዞ የተወለደው ግልገል ቀኑና መልኩ ቢጻፍ፣ አራት ወር ተኩል ገደማ ወደ ኋላ ቆጥሮ መንጋው ያን ሰሞን የት እንደ ዋለና ምን እንደ ጋጠ እረኛውን መጠየቅ ይቻላል።