ፋን መቀየር ብቻ ያልበቃው ኮምፒውተር

ጥገና እየተለማመዳችሁ ላላችሁ፣ ሰሞኑን አዳማ ውስጥ የሠራሁትን ላካፍላችሁ። ኮምፒውተሩ የጎረቤታችን ነው። እትዬ ነው የምላቸው፤ ፍራንኮ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ማሽኑ ጠዋት ደህና ይሠራል። ከሰዓት ሙቀቱ ሲከር ድንገት ድርግም ይላል። «አንተ ልጅ፣ መብራቱ ነው መሰለኝ» ይሉኝ ነበር። መብራቱ ቢሆን ግን አጠገቡ ያለው ፎቶ ኮፒ ማሽንም አብሮ ይጠፋ ነበር።

ፕሮሰሰሩ የኢንቴል አራተኛ ትውልድ አይ ፋይቭ ነው። እንዲህ ያለው 100 ዲግሪ ሲጠጋ መጀመሪያ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ካልበረደለት ማሽኑን ያጠፋዋል። ቀደም ብሎ ቀርፋፋ ሲሆንባቸው ቫይረስ ነው ተብሎ ፎርማት ተደርጎ ነበር። ስለዚህ እባካችሁ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሙቀቱን እዩ።

ስከፍተው ፋኑ እየተንገጫገጨ ነው የሚዞረው። የሂት ሲንኩ (ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚቀበለው ባለ ክንፍ ብረት) ክንፎች መሃል ያለው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተደራርቧል። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ። 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩትን የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች የሚያዞረው ንፋስ፣ አቧራውን በየሱቁ ያስገባል። ከተማው ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነም አየሩ ሳሳ ይላል። ሳሳ ያለ አየር ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል።

የትኛው ለውጥ ምን ያህል እንደሚያግዝ ማየት ስለፈለግሁ ደረጃ በደረጃ ሄድኩ። የምለካውም የፕሮሰሰሩን ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ከክፍሉ ሙቀት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። አለበለዚያ የጠዋቱና የቀትሩ ልኬት አይነጻጸርም። ክፍሉ 30 ዲግሪ ሆኖ ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት 98 ይደርስ ነበር። አቧራውን ጠርጌ ፋኑን ብቻ ስቀይር 86 ሆነ። ተሻሽሏል፣ ግን ገና ነው።

የቀረው ፔስቱ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ነበር። ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሙቀት በማስተላለፍ (በዋት በሜትር ኬልቪን ሲለካ) መዳብ 400 አካባቢ፣ አሉሚኒየም ከ200 በላይ ነው። የተለመደው ፔስት ከ10 በታች ነው። አየር ግን 0.026 ብቻ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስታዩዋቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል፦ ፔስት የሚቀባው አየሩን ለማስወጣት ነው፤ ሲወፍር ግን እሱም ሙቀቱን ያግዳል። የሽምብራ ፍሬ እንኳን የማያህል ጠብታ መሃሉ ላይ ይበቃል። የቀድሞውን ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ አጸዳሁት። ከመንቀሌ በፊት ማሽኑን ትንሽ አስነስቼ ፔስቱን አሞቅሁት፤ ሲሞቅ ይላቀቃል።

ሂት ሲንኩንም አብሬ ቀየርኩት፤ አዲሱ መሃሉ መዳብ ነው። ስትገዙ የቀዳዳዎቹን ርቀት ጠይቁ። 1150፣ 1151፣ 1155 እና 1200 ሶኬቶች (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች) ሁሉም 75 ሚሊ ሜትር ናቸው። 775 ግን 72 ስለሆነ አይገጥምም።

አራቱን የፕላስቲክ ፒኖች በሰያፍ፣ አንዱን ከዚያም ተቃራኒውን ተጫኑ። ከዚያ ማዘርቦርዱን ከጀርባው እዩት። የፒኑ ጥቁር ዘንግ ነጩን እግር ከፍቶት ካልወጣ አልያዘም ማለት ነው። ይህን ማየት አትዝለሉ። አንዱ ፒን ካልያዘ ሂት ሲንኩ ያዘነብላል፤ ያኔ ፔስቱም ፋኑም ዋጋ የላቸውም። የፋኑን ገመድ ሲፒዩ ፋን የሚለው ቦታ ላይ ሰኩት፤ ሌላ ቦታ ከሆነ ብዙ ማሽኖች ሲነሱ የፋን ስህተት ያሳያሉ።

በዚያው 30 ዲግሪ ክፍል፣ በዚያው ሥራ አሁን 69 ላይ ይቆማል። ከክፍሉ የሚበልጠው ከ68 ወደ 39 ወረደ ማለት ነው። እትዬ ከሰዓትም ሳይጠፋባቸው እየሠሩ ነው። ቀጥሎ የኬዙን የኋላ ፋን እጨምራለሁ፤ ሞቃቱ አየር አሁንም ውስጥ እየተሽከረከረ ነው። ልኬቱን በዚሁ መንገድ ወስጄ እነግራችኋለሁ።