ከአንድ ግድግዳ ጋር አሥራ አራት ወር

የስልኬን ፎቶዎች ብታዩ ታዝኑልኛላችሁ። አንድ ግድግዳ፣ አሥራ አራት ጊዜ። አገር ቤት ያለችው ልጄ አንድ ቀን አይታው "እማዬ፣ ይሄ ግድግዳ ዘመዳችን ነው እንዴ?" አለችኝ።

ስጀምር ሐሳቤ ሌላ ነበር። የምኖረው ናፖሊ ነው፤ አንዲት አረጋዊት ሴት እንከባከባለሁ። እዚህ ያለን ሀበሾች በጣሊያንኛው "ባዳንቴ" የምንለው ሥራ ነው። የእረፍት ቀኔ እሑድ ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ የመንግሥት ሙዚየሞችና ጥንታዊ ቦታዎች በነፃ ይገባሉ። እቤት ተኝቼ ከምውል አንድ ነገር ልማር አልኩና የቺርኩምቬዙቪያና ባቡር ይዤ ኤርኮላኖ ወረድኩ፤ ጥንታዊቷ የሮማውያን ከተማ ሄርኩላኒየም ያለችው እዚያ ነው። ከጣቢያው አሥር ደቂቃ ያህል ቁልቁል በእግር ነው።

ሁሉም ሰው "ለምን ፖምፔይ አትሄጂም?" ይለኛል። ሄጃለሁ፤ ሰፊ ነው፣ ያደክማል። ሄርኩላኒየም ትንሽ ናት። እ.ኤ.አ. በ79 የቬዙቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሁለቱም ከተሞች ተቀበሩ፤ አቀባበራቸው ግን ለየቅል ነው። ፖምፔይ ላይ መጀመሪያ የዘነበው ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ብዙ ጣሪያ አፈረሰ። ሄርኩላኒየምን ያገኛት ከተራራው የወረደ እጅግ የጋለ የአመድና የጋዝ ጎርፍ ነው፤ ወደ 20 ሜትር በሚጠጋ ውፍረት ደፈናት። እንጨቱ ከሰለ እንጂ አልጠፋም። በር፣ የፎቅ ወለል፣ አልጋ፣ የሕፃን መተኛ ሳይቀር ተገኝቷል። አንድ ቤት ውስጥ ሳሎኑን የሚከፍል የእንጨት መዝጊያ እስካሁን ቆሟል። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ከሰል።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሁሉም ሰው የሚያየውን ነው ያየሁት። ሥዕሉን፣ ሞዛይኩን፣ ገላ መታጠቢያውን። ማስታወሻዬ "ያምራል" በሚል ቃል ተሞልቷል። አሁን ሳነበው አፍራለሁ።

ነገሩ የተቀየረው በአራተኛው ወር፣ ዝናብ በዘነበበት እሑድ ነው። ሰው ሁሉ ሸሽቶ ጣሪያ ሥር ተጠለለ። እኔም አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ውሃውን አየሁት። ከተማዋ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለችው። ዙሪያዋን የዛሬው ኤርኮላኖ ከላይ ቁልቁል ያያታል። ውሃ ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ይዤ ቤት ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሥዕል አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል።

መልሱን ፍለጋ ሳነብ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። አሜዴኦ ማዩሪ የተባለው አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1927 ቁፋሮውን ሲጀምር እየቆፈረ እየጠገነ ነው የሄደው። ጎብኚው የፈረሰ ነገር ሳይሆን ከተማ እንዲያይ ፈልጎ ጣሪያ አለበሰ፣ ጉበን በኮንክሪትና በብረት ቀየረ። ሰውዬውን አልወቅሰውም፤ እሱ ባይሸፍናቸው ብዙዎቹ ዛሬ አይኖሩም ነበር። ግን ብረት ይዝጋል፤ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ጣሪያው ሲያፈስ ደግሞ ሥሩ ያለው ሁሉ ይበሰብሳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አብዛኛው ክፍል ለጎብኚ ዝግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካው የፓካርድ ተቋም ከጣሊያን የቅርስ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ የሄርኩላኒየም ጥበቃ ፕሮጀክትን ጀመረ። ቆይቶ በሮም ያለው የብሪታንያ የጥናት ተቋምም ገባበት። እኔ ብሆን ገንዘቡን ሥዕል ማጽዳት ላይ ነበር የማፈሰው። እነሱ ጣሪያና ቦይ ላይ በረቱ። የሮማውያኑን የፍሳሽ መስመር ጠርገው መልሰው ሥራ አስጀመሩት። ከተማዋን ከዝናብ የሚያድናት ራሷ የሠራችው ቦይ ሆነ ማለት ነው። እርግብም ትልቅ ችግር ነበር፤ ኩሷ ድንጋይና ሥዕል ይበላል። በሠለጠነ ጭልፊት ነው ያባረሯት። (ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።)

የቦይ ሥራ ሲባል ጥናት የሌለበት የጉልበት ሥራ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ግን ከሱቆችና ከመኖሪያ ክፍሎች ሥር ካለ አንድ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ከ700 ጆንያ በላይ ዝቃጭ ወጥቶ ተነፍቶ ተለቀመ። የዓሣ አጥንት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የበለስ ፍሬ፣ የወይራ ዘር ተገኘበት። ተራው ሰው ምን ይበላ እንደነበር የታወቀው ከሽንት ቤቱ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በጥንቱ ባሕር ዳር ውሃ ለማጠንፈፍ ሲቆፈር የሰው አጽም ብቅ አለ። ቁፋሮው ሲቀጥል ጀልባ በሚቀመጥባቸው ቅስት ክፍሎች ውስጥ ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ተገኙ። እስከዚያ ድረስ ሕዝቡ ሁሉ ሸሽቶ ያመለጠ ይመስል ነበር። አሁን እዚያ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ግን እውነት ለመናገር ቅጂ መሆኑን እያወቅሁም ረጅም ሰዓት መቆም አልቻልኩም።

ወደ ግድግዳዬ ልመለስ። በአምስተኛው ወር አንድ ቦታ መርጬ ለመከታተል ወሰንኩ። መንካት አይፈቀድም፣ መንካትም አያስፈልግም። ዳር ያለ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ግድግዳ ነው፤ ቀደም ብዬም ከደጁ እያለፍኩ ፎቶ አንስቼው ነበር። የድሮው ድንጋይ ቱፍ የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ለስላሳ፣ ቢጫ ቡኒ። መሐሉ ላይ የሆነ ዘመን የተለጠፈ ግራጫ ሲሚንቶ አለ። ሲሚንቶው እንደ ጉድ ጠንክሮ ቆሟል። ዙሪያውን ያለው ድንጋይ ግን በማንኪያ እንደተጨለፈ ገብቷል። እንዴት ነው ጠጋኙ ጤነኛ፣ ተጠጋኙ በሽተኛ የሆነው?

የመጀመሪያዎቹ አምስት ፎቶዎች ዋጋ የላቸውም፤ ለምትጀምሩ እነግራችኋለሁ። አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ከሰዓት ነው ያነሳሁት። ጥላው ስለሚለያይ ስንጥቁ የሰፋ ወይም የጠበበ ይመስላል። አሁን መንገዱ ላይ ያለች አንዲት የተሰበረች ድንጋይ ላይ እቆማለሁ፣ ሁልጊዜ አራት ሰዓት ላይ። አንድ ጥበቃ ጠርጥሮኝ "ሲኞራ፣ ምን ጠፋሽ?" ብሎኛል። ነገርኩት። አሁን ሲያየኝ "ታማሚሽ እንዴት ናት?" ይላል። ስለ አሠሪዬ ይሁን ስለ ግድግዳው እርግጠኛ አይደለሁም።

ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ሲሚንቶው ዳር ነጭ ዱቄት ወጣ። ጨው ነው። ከመሬት የተነሳ እርጥበት ጨው ይዞ ይወጣል። ሲሚንቶው አያሳልፈውም። ስለዚህ በለስላሳው ድንጋይ በኩል ይተናል፤ ጨው እዚያው ይደርቅና ይፈለፍለዋል። ሲሚንቶው ራሱም ጨው ይጨምራል። ይህን ማንበብ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ካላየሁ አላምንም።

ስለዚህ ሰገነቴ ላይ ሙከራ ጀመርኩ። ከግንባታ ዕቃ መደብር አንድ ባልዲ የበረደ ኖራ (እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው፣ ያምራል) እና ፖዞላና ገዛሁ። ፖዞላና የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ስሙ የመጣው ከናፖሊ በስተምዕራብ ካለችው ፖትሱዎሊ ነው። ሮማውያን ከኖራ ጋር ቀላቅለው ውሃ ውስጥ ሳይቀር የሚጠነክር መለሰኛ (የድንጋይ ማያያዣ) አድርገውታል። የእርጎ ኩባያ ቅርጽ ማውጫ ሆነልኝ።

አንደኛው ዙር፣ ኖራና አሸዋ እኩል በእኩል። በአራት ቀን እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ሁለተኛው ዙር፣ አንድ ኖራ ለሦስት አሸዋ፤ የጥንቱ ሮማዊ አርክቴክት ቪትሩቪየስ ከመሬት ለሚቆፈር አሸዋ የሚለው መጠን ይህ ነው። አሳምሬ ሠራሁና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በጥፍር ተፈረፈረ። ኖራ እንደ ልብስ በመድረቅ አይደለም የሚጠነክረው፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፣ ለዚያም እርጥበት ይፈልጋል። ይህን የነገሩኝ እኛ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ጡረተኛ ለሳኝ ናቸው። "እርጥብ ጆንያ አልብሺው፣ እርሺው" አሉኝ። ሦስተኛውን ዙር በፖዞላና አድርጌ ሦስት ሳምንት ጆንያ አለበስኩት። ሠራ!

ከዚያ አንድ አሮጌ ሸክላ ጡብ ግማሹን በሲሚንቶ፣ ግማሹን በኖራ ለጥፌ ጨው ውሃ ውስጥ አቆምኩት። በአምስተኛው ሳምንት በኖራው በኩል ጨው የወጣው ኖራው ላይ ነው። በሲሚንቶው በኩል ግን ጡቡ ራሱ መላላጥ ጀመረ። ያ ግድግዳ ሰገነቴ ላይ መጣ። ኖራው ቢበላ ተልጦ ይቀየራል፤ ጡቡን ማን ይቀይረዋል? ኤርኮላኖ የሚሠሩት ጠጋኞች ከጥንቱ ግድግዳ የለሰለሰ መለሰኛ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ጎንደር ፋሲል ግቢም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ በሲሚንቶ የተጠገነው ቆይቶ በኖራ ተተክቷል። ስንት ጊዜ ከደጁ አልፌ አላየሁትም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ቢወጣም። "ካዛ አ ግራቲቾ" የሚባል ቤት አለ፤ የእንጨት ማዕቀፍ ተሠርቶ መሐሉ በድንጋይና በመለሰኛ የተሞላ። ሳየው የእናቴ ጭቃ ቤት ፊቴ ላይ መጣ። ቪትሩቪየስ ይህን አሠራር እሳት ይይዛል ብሎ ባልተፈጠረ ይሻል ነበር ይለዋል። ግን ርካሽና ፈጣን ነበር፣ ሰውም ኖረበት፤ ይኸው ቆሟል።

አሠሪዬ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ይስቃሉ። የተወለዱት እዚያው ነው፤ ኤርኮላኖ ብለውም አይጠሯትም። እስከ እ.ኤ.አ. 1969 ስሟ ሬዚና ነበር፣ ለእሳቸው አሁንም ሬዚና ናት። "ልጅ ሆነን እዚያ ጉድጓድ አትጠጉ ይሉን ነበር፤ አንቺ ባቡር ተሳፍረሽ ትሄጃለሽ" ይሉኛል።

የአሥራ አራተኛው ወር ማስታወሻ፦ የጨው መስመሩ ከሦስተኛው ረድፍ ድንጋይ አራተኛው ላይ ደርሷል። ስንጥቁ እንዳለ ነው። የመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ ዝናብ አለው ይላል ስልኬ። ጃንጥላና ፕላስቲክ ጫማ አዘጋጅቻለሁ፤ ውሃው ከየትኛው ጣሪያ ወደ ግድግዳዬ እንደሚመጣ ቆሜ ላየው ነው።