ኔቱን የሚጎትተው ልጁ አልነበረም

ግቢያችን ውስጥ አራት ቤት አንድ የኢንተርኔት መስመር እንጋራለን። ራውተሩ የአከራያችን የእማማ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ነው። ከዚያ አንድ ኬብል በጣሪያው ጠርዝ ዞሮ ሰርቪስ ቤቶቹ ጋር ይመጣና ስዊች (አንዱን ኬብል ለብዙ የሚያካፍል ትንሽ ሳጥን) ላይ ይሰካል፤ ከስዊቹ ለሦስታችን ይከፋፈላል። መስመሩ 25 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ ሒሳቡን በየወሩ እናዋጣለን።

ሐምሌ ላይ ኔቱ መጎተት ጀመረ። የቪዲዮ ጥሪ ይቆራረጣል፣ ፋይል አልላክ ይላል። ጣታችንን የቀሰርነው መሐል ክፍል ያለው ተማሪ ላይ ነው። ሌሊት ፊልም ያወርዳል ተባለ፤ እኔም ብያለሁ። እማማ «ልጄ፣ ለሌላውም አስብ እንጂ» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ «እሺ እማማ» አለ። ከዚያ ኬብሉን ነቅሎ ተወው፤ ሁለት ቀን አለፈ። ኔቱ ግን ያው ነበር። በጣም አፈርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ሳሎን ገባሁ። ዋይፋዩን አጥፍቼ በአጭር ኬብል ቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰካሁና ለካሁ። 24! ከውጭ የሚገባው ልክ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። (ሜጋቢትና ሜጋባይት እየተምታታ ብዙ ሰው በከንቱ ይናደዳል። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ 25 ሜጋቢት ማለት ፋይል ስታወርዱ በሰከንድ 3 ሜጋባይት ገደማ ነው።)

ከዚያ ወደ ስዊቹ ሄድኩ። ከሳሎን የሚመጣውን ኬብል ነቅዬ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ኢተርኔት የሚለውን ስትከፍቱ ሊንክ ስፒድ (ኬብሉ ጫፍና ጫፍ ያሉት ዕቃዎች የተስማሙበት ፍጥነት፣ በሜጋቢት) የሚል አለ። ቢያንስ 100 ማለት ሲገባው 10 ይላል! ሦስት ቤት የሚካፈለው ይህችን ነው። ራውተሩን ፒንግ ሳደርገው (ትንንሽ መልእክት እየላኩ መልስ መጠበቅ ማለት ነው) ደግሞ ከላክኋቸው 100 ፓኬቶች፣ ማለትም መልእክቶች፣ 11ዱ ጠፋ። በገዛ ግቢያችን መንገድ ላይ የሚቀር ነገር መኖር አልነበረበትም።

መሰላል አመጣሁ። ከአሸንዳው ሥር ኬብሉ ተቀጥሏል። የዘረጋው ሰው ሲያጥረው ሽቦዎቹን በእጁ ጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎ ትቶታል። ፕላስተሩን ስልጠው ውሃ ጠብ ጠብ አለ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ለካ ክረምት ሲገባ የባሰበት ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ኬብል (ላን ኬብል ይባላል) ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠማዘዋል፤ የሚጠማዘዙት ከውጭ የሚመጣውንም፣ አንዱ ጥንድ በሌላው ላይ የሚያሳድረውንም ረብሻ ለመቀነስ ነው። ለ100 ሜጋቢት ሁለት ጥንድ ይበቃል፣ ለ1000 አራቱም ያስፈልጋሉ። አንዱ ቦታ ላይ ጥንዱ ከተፈታና ውሃ ከገባበት ጫፍና ጫፍ ያሉት ዕቃዎች በደንብ መነጋገር ያቅታቸውና ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጉታል።

30 ሜትር አዲስ ኬብል ገዝተን ያለ ምንም ቅጥል ዘረጋን። እስከ 100 ሜትር ድረስ ችግር የለውም። ስትገዙ ግን ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ብር ከመሰለ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነውና ተዉት። ሁለቱም ጫፍ ላይ ቀለሙ በአንድ ቅደም ተከተል ይሁን፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ።

አሁን ክፍሌ ውስጥ 23 ይገባል። ማታ ማታ ትንሽ የሚጎትተውን ደግሞ ስፈልግ የኔው ስልክ ሆኖ ተገኘ፤ ቻርጅ ላይ ስሰካው ፎቶ ሁሉ ወደ ጎግል ፎቶስ ይጭናል። የመጫኛው ፍጥነት ከማውረጃው ያነሰ ስለሆነ እሱ ሲሞላ የሁሉም ሰው ኔት አብሮ ይታፈናል። ቻርጅ የማደርግበትን ሰዓት ቀየርኩት።

ልጁ ክፍል ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። እማማም ቡና ሲፈላ አስጠሩትና «አጥፍተናል ልጄ» አሉት። ማታ ኬብሉን መልሶ ሰካ። እሱም ጋ ሊንክ ስፒዱ 100 ይላል።