ክርን ማሳረፊያ ከፒያሳ

ፒያሳ ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል የትሪያትሎን ዕቃ እሠራለሁ ስል የሚሰማኝ ሁሉ «ማን ይገዛሃል?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። 1.5 ኪሎ ሜትር ዋኝቶ፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነድቶ፣ 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከዕቃው በፊት ገዢ ፈለግኩ፤ ያገኘሁትም የግል ሰዓት ሙከራ፣ ማለትም እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበትን ውድድር፣ ከሚወዳደሩ ብስክሌተኞች ዘንድ ነው።

ዕቃው ክርን ማሳረፊያ ነው፦ ነጂው ነፋሱ እንዳይገታው ጎንበስ ብሎ ክርኑን የሚያሳርፍባቸው፣ ከመሪው ወደፊት የሚዘረጉ ሁለት ዘንጎች። እ.ኤ.አ. በ1989 ግሬግ ለሞንድ የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድርን የመጨረሻ ቀን በ50 ሰከንድ ተቀድሞ ጀምሮ ጠቅላላ ውድድሩን በ8 ሰከንድ ያሸነፈው ይህን ተደግፎ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ዳን ኤምፕፊልድ የኮርቻው ቱቦ ከተለመደው ይበልጥ ቀጥ ብሎ የቆመ የትሪያትሎን ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። የተለመደው 73 ወይም 74 ዲግሪ ነው። ነጂው ወደፊት ሲመጣ፣ ቢያጎነብስም ጉልበቱ ከሆዱ ጋር አይጋፋም።

አዲስ ፍሬም መሥራት ከአቅሜ በላይ ነው። ወደ ኋላ የታጠፈውን የኮርቻ ዘንግ ወደፊት ማዞር ግን ምንም አያስወጣም፤ ከሥራዬ እኩሌታው ይኸው ነው።

ብረት የሚበይድ በየመንደሩ አለ፣ አሉሚኒየም የሚበይድ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ብየዳውን ትቼ ዘንጎቹን ከመሪው ጋር የሚያያይዘውን ማቀፊያ ቶርኖ ቤት አስቆርጬ በብሎን አሰርኩት። በማቀፊያውና በመሪው መካከል ከአሮጌ ካለማዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይገባል፤ ያለ እሱ ኮብልስቶን ላይ ዘንጉ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይዞራል።

ፍተሻው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። እሑድ ማለዳ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ፔዳል ሳልመታ አንዴ ቀና ብዬ፣ አንዴ ክርኔን አሳርፌ እወርድና የፍጥነት መለኪያውን አነጻጽራለሁ። በዚያ አቀማመጥ እጅ ከፍሬን ስለሚርቅ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ወንድሜ ቆሞ መኪና ሲመጣ ያፏጫል። ለማንም አልመክርም።

ገንዘብ የማስከፍለው በዋናነት ለልኬቱ፣ ማለትም ዕቃውን በነጂው ሰውነት ልክ ለማስተካከሉ ነው። ወጣቶች ክርናቸው የተጣበቀ የውጭ ነጂዎችን ፎቶ ይዘው «እንደዚህ አድርግልኝ» እያሉ ይመጣሉ። አንድ አንጋፋ አሠልጣኝ የደንበኛዬን ትከሻ አይተው «ልጄ፣ ይህ ሰው በምኑ ይተንፍስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ደረት ሊታፈን አይገባም። አሁን ማሳረፊያዎቹ ወደ ጎን የሚንሸራተቱበት ረጅም ቀዳዳ አላቸው። ቶርኖ ቤቱ ለዚያ ተጨማሪ ያስከፍለኛል፤ እኔም ዋጋው ላይ ጨምሬዋለሁ።