ጋሪ የማይቆምበት ቦታ

ነገሩ የሆነው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ባለ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት፣ ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። ግቢው ጢም ብሎ ሞልቷል። በደህና ቀን ለሁለት የሚሠራውን የጋሪ መሰብሰብ ሥራ ያን ዕለት የያዘው አንድ ልጅ ብቻውን ነበር፤ ጓደኛው እቃ ለማውረድ ወደ ውስጥ ተወስዶበታል። በሩ አጠገብ ያለው የጋሪ ማቆያ ሲሞላበት፣ አንዱን በአንዱ ሰክቶ በገመድ ያሰራቸውን አሥራ ሁለት ጋሪዎች የዊልቸር ምልክት ካለበት ፓርኪንግ ጎን፣ ሰያፍ መስመር የተሰመረበት አስፋልት ላይ አቆማቸውና ሌላ ሊሰበስብ ወደ ግቢው ጫፍ ሄደ። እዚያ ላይ መኪና እንደማይቆም ያውቃል። ስለዚህም ማንም የማይፈልገው ባዶ ቦታ መሰለው።

ያ መስመር ግን በቀላሉ የተሰመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት የተዘጋጀው የ2010 ስታንዳርድ ልኩን በኢንች ቆጥሮ አስቀምጦታል። ለአነስተኛ መኪና የሚከለለው ቦታ ስፋቱ ቢያንስ 96 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ከ44፣ ከጎኑ ያለው ሰያፍ መተላለፊያ ደግሞ ቢያንስ 60 ኢንች፣ 1 ሜትር ከ52 ነው። ዊልቸር ለሚያስገባ ቫን ወይ ቦታው 132 ኢንች ሆኖ መተላለፊያው 60 ይሆናል፣ ወይ ሁለቱም 96 ኢንች ይሆናሉ። ከቫኑ ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወርድበት ተዳፋት ሳንቃ ተዘርግቶ፣ ዊልቸር ከራምፑ ጫፍ ላይ የሚዞርበት ሲጨመርበት ይህ ስፋት የቅንጦት እንዳልሆነ ያዩት ሁሉ ያውቁታል። መሬቱም በ48 ኢንች ርዝመት ከ1 ኢንች በላይ ማዘንበል የለበትም፤ ካዘነበለ ዊልቸሩ ባለቤቱ ሳይነካው ይንሸራተታል። 180 መኪና የሚይዝ ግቢ 6 እንዲህ ያሉ ቦታዎች ይኖሩታል፤ ከስድስቱ ቢያንስ አንዱ ለቫን የሚሆን ነው። አንድ ብቻ!

ልጁ ጋሪዎቹን ሲያቆም፣ እዚያው ጎን የቆመችው ቫን ባለቤት፣ በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ሴት፣ ውስጥ እየገዛች ነበር። ስትወጣ ሪሞቷን ተጫነች፤ የጎን በሩ ተከፈተ፤ ራምፑ ወረደና ጋሪዎቹ እጀታ ላይ አርፎ ቀረ። አንድ መንገደኛ አይቶ «ቁልፉን ስጪኝ፣ ወደ ኋላ ላውጣልሽ» አላት። አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ሲያይ ግን የሾፌሩ ወንበር የለም። ተነቅሎ ወጥቷል። በምትኩ ወለሉ ላይ ዊልቸሩን ቆልፎ የሚይዝ ብረት ብቻ ነው ያለው፤ ነዳጁም ፍሬኑም የሚሠራው በእጅ ነው። ከእሷ በቀር የሚነዳው የለም ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ ውጭ ናት። ሰውየው ጋሪዎቹን ሊገፋ ሞከረ። ከፊት የምልክቱ ብረት ምሰሶ አለ፤ ከኋላ ደግሞ አንዱ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቶ «ሁለት ደቂቃ» ብሎ ያቆመው መኪና ዘግቶታል። ሴትየዋ ከሃያ ደቂቃ በላይ ብርድ ላይ ቆየች።

ገመዱን የፈታችው ለእረፍት የወጣች ሐበሻ ካሸር ናት። ልጁ እየሮጠ ሲደርስ፣ «አንተ፣ ያንን ሁሉ ጋሪ ምን ብለህ ነው እዚህ የደረደርከው?» አለችው። «ኧረ እትዬ፣ መኪና አይቆምበትም ብዬ እኮ ነው» አላት። እውነቱን ነው፤ ሲቀጠር ማንም አላሳየውም። የጋሪ ገመድ አያያዝ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ጋሪ እንደሚገፋ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ፣ ይህ ሁሉ ተነግሮታል። ስለ ሰያፉ መስመር ግን አንድ ቃል አልተነገረውም።

ማናጀሩ መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ነበር። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሥራ በሚበዛበት ቀን አንዱን ሠራተኛ ወደ ውስጥ የወሰደው እሱ ነው፤ የጋሪ ማቆያውን ከበሩ አጠገብ አንድ ብቻ ያስቀረውም እሱ ነው። ደግነቱ ማስጠንቀቂያው ሳይፈረም ቀረና ወደ መፍትሔው ተኬደ። ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ሁለት ሰው ከግቢው አይነሳም። ከተከለሉት ቦታዎች በአንድ ረድፍ እልፍ ብሎ ሁለተኛ የጋሪ ማቆያ ተተከለ፤ ምክንያቱም ደንበኛውም ቢሆን ጋሪውን መልሶ የሚያቆምበት ሩቅ ሲሆንበት ሰያፉ ላይ ጥሎት ይሄዳል። አንድ ጋሪ ደግሞ እንደ አሥራ ሁለቱ ባይሆንም መንገዱን ለመዝጋት ይበቃል። ፈረቃ የሚረከብ ሰው መጀመሪያ ስድስቱን ቦታዎች ዞሮ ያያል፤ ጋሪ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ኮን፣ የቆመ ሞተር ሳይክል ካለ ያነሳል ወይም ያስነሳል።

ማስነሳቱ ላይ ብዙ ሠራተኛ ይሳሳታል። ያን ዕለት ሴትየዋ እየጠበቀች ሳለ አንድ ደንበኛ በብስጭት ጎኗ ወዳለው ቦታ ዞሮ፣ ከመኪናው ወርዶ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ጎልማሳ ላይ ጮኸበት፦ «አንተ ምን ጎድሎህ ነው!» የሰውየው ሰማያዊ መለያ፣ በተከለለው ቦታ ለማቆም የሚያስፈቅደው ካርድ፣ ስፖኪዮው ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። መለያው የሚሰጠው ለዊልቸር ተጠቃሚ ብቻ አይደለም። 200 ጫማ፣ 61 ሜትር ገደማ፣ ሳያርፍ መሄድ የማይችል፣ ከባድ የልብ ሕመም ያለበት፣ ኦክስጅን ይዞ የሚንቀሳቀስ ሁሉ በሐኪም ማረጋገጫ ያገኘዋል። ሲገባ ደህና የነበረ ሰው፣ ሲወጣ ጋሪው ላይ ተደግፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛ የሚያየው መለያውን እንጂ የሰውየውን እግር አይደለም። መለያ የሌለው መኪና ሲያይም ከሾፌሩ ጋር አይከራከርም፦ ታርጋውን፣ የመኪናውን ዓይነትና ቀለም ጽፎ ለደንበኞች አገልግሎት ይሰጣል፤ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ካልመጣ ማናጀሩ ወደ ፖሊስ ይደውላል፣ ያውም በ911 ሳይሆን አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ በተሰጠው ቁጥር። ቨርጂኒያ ውስጥ ቅጣቱ ከ100 እስከ 500 ዶላር ስለሆነ ሱፐርማርኬቱ ራሱ ዳኛ መሆን አያስፈልገውም።

«ለነፍሰ ጡር»፣ «ልጅ ለያዙ»፣ «በስልክ አዝዘው ለሚወስዱ» የሚሉት ሰሌዳዎች ግን ሌላ ናቸው። ሱፐርማርኬቱ በራሱ ፈቃድ የሰቀላቸው ስለሆኑ በአብዛኛው ፖሊስ አይቀጣባቸውም፤ ሠራተኛውም በትሕትና ከመጠየቅ ያለፈ ሥልጣን የለውም።

እኛው ዘንድ የተለመደ አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ የእናት መለያ በልጅ መኪና። መለያው የተሰጠው ለእናትየዋ ነው፤ የትኛውም መኪና ውስጥ ብትሆን አብሯት ይሄዳል። እማማ ቤት ተቀምጠው ቡና ሲያፈሉ ልጅየው ብቻውን ወተት ሊገዛ መጥቶ ሲሰቅለው ግን ሕግ ጥሷል። አብረው መጥተው እሳቸው ከመኪና የማይወርዱ ከሆነም ሌላ ቦታ ማቆም ይሻላል፤ ቦታውን የሚፈልገው የሚወርድ ሰው ነው። መለያ ያለውም ቢሆን፣ ራምፕ የሌለው መኪና ይዞ ሌላ የተከለለ ቦታ ክፍት ካገኘ፣ የቫኑን ቢተው መልካም ነው። ግዴታ አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው ግን ለቫን የሚሆነው አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ያው ስሕተት በትልቁ ይመጣል። በረዶ የሚጠርገው መኪና መንገዱን ጠርጎ ክምሩን የሚገፋው ባዶ ወዳየው ጥግ ነው፤ ሌሊት ላይ ባዶ የሚሆነው ደግሞ ያ የተከለለ ቦታ ነው። የተቆለለ በረዶ እንደ ጋሪ በገመድ ፈትተው አያነሱትም፤ ቀን ቀልጦ ማታ ይጋገርና ለቀናት ይቆያል። ስለዚህ ክምሩ የት እንደሚውል ከጠራጊው ድርጅት ጋር በሚገባው ውል ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፦ ከበሩ በራቀው የግቢው ጫፍ። ሰያፉ መተላለፊያና ወደ በሩ የሚወስደው የእግረኛ መውጫ ከሁሉ በፊት አስፋልቱ እስኪታይ ይጠረጋሉ፣ ከዚያም ጨው ይበተንባቸዋል።